ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ
(በሬዲዮ የተነገረ)

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጉዞ ነው። ጉዞ ስንል ግን በአስፋልት ላይ በመኪና ተቀምጦ የሚደረገውን ማለታችን አይደለም። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ደጋ ተነሥቶ፣ መንኰራኵር ወደማይደርስበት ወደ ዓባይ ሸለቆ በእግርና በአጋሰስ የሚወረደውን መንገድ ማለታችን ነው።

ይህን መንገድ አገር ጎብኚ ብቻ የሚሄድበት የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። መሬት የሚለካው ባለሙያ፣ ክትባት የሚሰጠው የጤና ሠራተኛ፣ ትምህርት ቤት የሚቆጣጠረው፣ ሕዝብ የሚቈጥረውና የእርሻ ምክር የሚሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ቆላው እንዲወርድ ይታዘዛል። በዚያን ጊዜ የጉዞ አበሉን ከማስላት አስቀድሞ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለጦረኛ ብቻ አይደለም፤ ለመንገደኛም ጭምር ነው።

ለመሆኑ የምንወርድበት አገር እንዴት ያለ ነው? ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። የቀድሞ ስሟ ወጀት ነበር፤ የዛሬው ስሟ በግእዝ የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ከርሷ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ጥቂት አለፍ ሲሉ በበርበሬና በበቆሎ የታወቀችው ቡሬ ትገኛለች። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከነዚህ ከተሞች ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው ምድሩ ቀስ በቀስ እያዘቀዘቀ፣ በተምጫ፣ በብርና በፈጣም ወንዞች እየተሰነጣጠቀ ሲሄድ ያያል። በመጨረሻም ምድሩ ያልቅና ገደል ይሆናል። ከገደሉ በታች ዓባይ አለ። ከቡሬ ከፍታ እስከ ወንዙ ዳር ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል።

የዓባይ አካሄድ ራሱ የሚያስገርም ነው። የግልገል ዓባይ ምንጭ የሚገኘው ከቡሬ ብዙም በማይርቀው በሰከላ ነው። ውሃው ከዚያ ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እየዞረ ጎጃምን እንደ ቀስት ይከባታል። ስለዚህ በሰከላ የፈለቀው ውሃ ጎጃምን ዞሮ በቡሬ ግርጌ ያልፋል ማለት ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት በዚህ አገር ምንጩንም ዓባይንም ለማየት በሚችል ሰው ዘንድ የበለጠ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ወደ ወንዝ አገር ለመጓዝ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ይህ ወንዝ መንገድ ነው ወይስ ገደል?» የሚለው ነው። በደቡብ አሜሪካ ያለውን የአማዞንን ወንዝ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የገባ መርከብ በአማዞን ላይ 3,600 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ተጉዞ በፔሩ አገር እስካለችው ኢኪቶስ ከተማ ይደርሳል። ኢኪቶስ ይህን ያህል ከባሕር ርቃ ሳለ ከፍታዋ ከ100 ሜትር ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ወንዙ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወርደው ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እስፔናዊው ኦሬያና በፈረንጆች አቆጣጠር በ1541 እና በ1542 ያን ወንዝ እስከ ባሕሩ ድረስ በጀልባ ለመውረድ የቻለው ስለዚህ ነው። በዚያ አገር ጫካው ቢያስፈራም ወንዙ ራሱ ጎዳና ነው፤ የመጣበት ጀልባም መንገደኛውን መልሶ ይወስደዋል።

ዓባይ ግን ከጣና 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥቶ እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ 1,300 ሜትር ያህል ይወርዳል። የሚሄደው ርቀት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብንል በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ይህ ለኤሌክትሪክ ኃይል ትልቅ ጸጋ ሲሆን ለተጓዥ ግን መከራ ነው። ወንዙ የሚሄድበት ሸለቆ ጎዳና ሳይሆን አገርን ከአገር የሚለይ ቅጥር ሆኖ ኖሯል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንማራለን። ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሲመለስ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ወደ ገደል የሚወርድ ሰው ግን መጀመሪያ ይቀለዋል፤ ድካሙ የሚጠብቀው በመጨረሻው ነው። ዳገቱን የሚጀምረው ስንቁ ባለቀበት፣ ጫማው በተላጠበት፣ ጉልበቱ በዛለበት ጊዜ ነው። እንግዲህ የዓባይ ጉዞ የሚታቀደው ከመውረጃው ሳይሆን ከመመለሻው ነው። «እንዴት እወርዳለሁ?» ሳይሆን «እንዴት እመለሳለሁ?» ብሎ መጀመር ያስፈልጋል።

ይህን የዘነጉ ብዙዎች ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፔን ተወላጅ ካህን በ1610 ዓ.ም.፣ እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. የግሽን ምንጭ አይተዋል። ምንጩ በደጋ ስለሆነ መድረሻው አልከበደም። ሸለቆው ግን ከዚያ በኋላ እስከ ኻያኛው መቶ ዓመት ድረስ ለውጭ አገር ካርታ ሠሪዎች ምስጢር ሆኖ ቆየ። በ1895 ዓ.ም. አሜሪካዊው ማክሚላን የብረት ጀልባዎች አዘጋጅቶ በዓባይ ቁልቁል ወደ ሱዳን ለመውረድ ሞከረ። ጀልባዎቹ ጥቂት ርቀት እንደ ሄዱ በፏፏቴውና በአለቱ ተሰባበሩ፤ ጉዞውም በዚያው ቀረ። ማክሚላን ዓባይን እንደ ጎዳና ቈጥሮት ነበር።

ከርሱ በኋላ የተሻለ ያሰበው በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ነው። ቺዝማን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዚያ ሲኖር በጀልባ ለመውረድ አልተመኘም። በቅሎዎቹን ይዞ በደጋው ጠርዝ እየሄደ፣ መውረጃ በተገኘበት እየወረደ፣ ተመልሶም እየወጣ፣ በብዙ ጉዞ የወንዙን አካሄድ በካርታ ላይ አሰፈረ። ሥራው ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ሆኖም ተመለሰ፤ የጻፈውም መጽሐፍ በ1936 ታተመ። ይህ ሰው ያደረገው የአገሬው ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ያደርገው የነበረውን ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ ጎጃም በባሶ ገበያ ይሰበሰቡ የነበሩት ነጋዴዎች ከዓባይ ማዶ ቡናና የዝሆን ጥርስ ሲያመጡ፣ ውሃው ሲጎድል ይሻገራሉ፤ ሲሞላ ደግሞ ይቀመጣሉ። ወንዙን የሚታገሉት ሳይሆን የሚጠብቁት ነበሩ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 በታንኳ የወረዱ የስዊስና የፈረንሳይ ሰዎች ሌሊት በሰፈሩበት ሽፍታ ጥሎባቸው ሁለቱ ተገደሉ። በ1960 ዓ.ም. መጨረሻና በ1961 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በእንግሊዛዊው መኮንን በብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ፣ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና የሳይንስ ሰዎች ያሉበት ትልቅ ጓድ በክረምቱ ሙላት ላይ በጎማ ጀልባ ሸለቆውን ወረደ። ይህ ጓድ መሣሪያና መገናኛ ሬዲዮ ነበረው። እንደዚያም ሆኖ አንድ ወታደር ሞተ። የሞተው ግን በዓባይ ላይ አይደለም፤ ወደ ዓባይ የሚገባ አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ነው። በ1996 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች፣ ስካቱሮና ብራውን፣ ከሰከላ ተነሥተው እስከ ሜድትራኒያን ባሕር ድረስ በ114 ቀን ሲደርሱ የተነሡት በታኅሣሥ፣ ውሃው በጎደለበት ወራት ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተራው መንገደኛ የሚጠቅመውን እናውጣ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው የትጥቅ ግጭት በምዕራብ ጎጃም ብዙ መንገዶችን ሲዘጋና ሲከፍት ቆይቷል፤ ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምት የሚደርሰው መንገድም በጸጥታ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የተዘጋበት ወቅት ነበር። ስለዚህ ካርታ ከመዘርጋት በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአገሬው መጠየቅ ግዴታ ነው። ያለ ደብዳቤ አለመሄድ፣ ደብዳቤውንም ለዞን፣ ለወረዳና ለቀበሌ ማድረስ ይገባል። መልሱ «አሁን አይሆንም» የሆነ እንደ ሆነ መቅረት ፍርሃት አይደለም፤ እቅድ ማለት ይህ ነው። የተላከው ሥራ ቢዘገይ ይሠራል፤ የጠፋ ሰው ግን አይተካም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወራቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዓባይም ገባሮቹም ይሞላሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ወባ ይበረታል። መጋቢትና ሚያዝያ ቆላው እንደ ምጣድ ይግላል። እንግዲህ ለመንገደኛ የቀሩት የተሻሉት ወራት ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ናቸው። የግድ በዝናብ ወራት የሚሄድ ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በቡሬ ደጋ የጣለው ዝናብ ገባሩን በድንገት ሊያስሞላው ይችላል። ስለዚህ አሸዋው ለስላሳ ነው ብሎ በወንዝ ውስጥ ማደር አይገባም። ጠዋት በጉልበት የተሻገሩት ጅረት ማታ መመለሻ ሊከለክል ይችላልና ስንቅ ለአንድና ለሁለት ቀን ተርፎ መያዝ አለበት።

ሦስተኛ፣ ስለ መሪ ነው። መሪ የሚሆነው መንገዱን በወሬ የሚያውቅ ሳይሆን በየሳምንቱ ወርዶ የሚወጣው የዚያው የጠርዙ ባላገር ነው። ባላገሩንም የምንጠይቅበት መንገድ አለ። የከተማ ሰው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ይላል፤ ባላገሩም እንግዳውን ላለማሳዘን «እዚሁ ነው ጌታዬ፣ ቅርብ ነው» ይለዋል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ «አባቴ፣ ከዚህ በማለዳ የተነሣ ሰው የት ይውላል? የት ያድራል? ውሃ የሚያገኘው ከምን ላይ ነው? የተጫነ አህያ ይወጣዋል?» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እውነተኛ ነው። ባላገሩ መንገድን የሚለካው በቀንና በጥላ እንጂ በቍጥር አይደለምና። ካርታ የያዘም ሰው የታተመበትን ዓመት ይመልከት። ጉባ ላይ የተሠራው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ለመያዝ የሚችል ስለሆነ የጥንት ተጓዦች በጀልባ የታገሉት የታችኛው ሸለቆ ዛሬ ሐይቅ ሆኗል።

አራተኛ፣ ስለ ጭነት ከብት ነው። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገብተው በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ፣ ስንቅና ጥይት የሚጭኑ 15,000 ያህል ግመሎች ከሱዳን ተሰብስበው ነበር። የበረሓው ግመል የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻለውም፤ ከጥቂቶቹ በቀር በየመንገዱ አለቁ። ጠላት በየካቲት ቡሬን ለቅቆ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ቢገቡም በጭነት ከብት በኩል የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ይህ ታሪክ ተገልብጦ ዛሬም ይሠራል። የደጋ በቅሎ ወደ ዓባይ ቆላ ስትወርድ ጼጼ የተባለችው ዝንብ ገንዲ የሚባለውን በሽታ ታስተላልፍባታለች፤ ከሲታ ሆና ቀስ በቀስ ትሞታለች። ስለዚህ የደጋውን በቅሎ ከጠርዙ ላይ አስቀርቶ፣ ለታችኛው መንገድ ሸክሙን ቀንሶ የቆላውን አህያና የቆላውን ሰው መከራየት ይሻላል። ባለ በቅሎው ድኻ ገበሬ መሆኑንም አንርሳ፤ በቅሎዋ የሞተችበት እንደ ሆነ የኪራዩ ገንዘብ አያድነውም።

አምስተኛ፣ ስለ ውሃ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በሸለቆው ውስጥ ቃል በቃል ይፈጸማል። ወንዙ ከታች እያብረቀረቀ እየታየ፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ያለው መንገደኛ በጥም ይቃጠላል። በሙቀት የሚሄድ ሰው በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። የተያዘው ውሃ በመውረድ ላይ ካለቀ ወንዙ ዳር ተቀድቶ፣ ተፈልቶ፣ ዕቃው ሁሉ ሳይሞላ መውጣት መጀመር አይገባም። ለመውረድ አራት ሰዓት የፈጀ ሰው ለመውጣት ስምንት ሰዓት ይመድብ። ዳገቱንም ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምሮ፣ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት እኩሌታውን ሊጨርሰው ይገባል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየሞቀ እንደሚሄድ ያወቀ ሰው ይህን ምክር አይንቅም።

ስድስተኛና ከሁሉም የሚበልጠው ስለ ወባ ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ወደ ደጋው ጠርዝ ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ብዙ ሰው ያለቀበት ምክንያት የደጋ ሰው ደም በሽታውን ያልለመደ በመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ የሚሄድ የመንግሥት ሠራተኛም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ጠይቆ የመከላከያ መድኃኒት ይውሰድ፤ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርም ይያዝ፤ ሲመሽም እጅጌውንና ሱሪውን ወደ ታች ያውርድ። ትንኟ የምትነድፈው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና።

ነገር ግን አደጋው ከቆላው በመውጣት አያልቅም። የወባ ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ትኩሳቱ የሚጀምረው ቢያንስ ከሰባት ቀን በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ዓይነትማ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። እንግዲህ ሰውየው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ገብቶ፣ ሪፖርቱን ጽፎ፣ ልብሱን አሳጥቦ፣ ጉዞውን ከረሳው በኋላ ራሱን ያመዋል፤ ያንቀጠቅጠዋል። «ብርድ መታኝ» ብሎ ይተኛል። ሐኪሙም የከተማ ሰው መሆኑን አይቶ ወባን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ከዓባይ ቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት በተሰማው ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ከሁሉ አስቀድሞ «ቆላ ወርጄ ነበር» ይበል፤ ደሙንም ያስመርምር። ይህች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች። ለቤተ ሰቡም አስቀድሞ ይንገር፤ ትኩሳቱ ከበረታ የሚናገሩለት እነርሱ ናቸውና።

በመጨረሻ የሚነሣ ሰው ሁሉ ለመሥሪያ ቤቱና ለወረዳው «በዚህ መንገድ ወርጄ፣ በዚህ ቀን እወጣለሁ፤ በዚህ ቀን ካልወጣሁ ፈልጉኝ» የሚል ጽሑፍ ይተው። የእጅ ስልክ በገደሉ ውስጥ ላይሠራ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን በጠረጴዛ ላይ ይቆያል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው ሰውን ከጉዞ ለማስቀረት አይደለም። በዚያ ቆላ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራ፣ ልጁን ሊያስተምር የሚመኝ፣ ሲታመም በቃሬዛ ያን ዳገት የሚወጣ ሕዝብ ይኖራል። እኛ አንድ ጊዜ ወርደን ስንመለስ የምናማርረውን መንገድ እርሱ ጨው ለመግዛት ይወጣዋል። ያ ሕዝብ የሚፈልገው በድፍረት ወርዶ እዚያው የሚቀር ሠራተኛ ሳይሆን፣ አስቦ ወርዶ፣ ሥራውን ፈጽሞ፣ በደኅና የሚወጣና ያየውን ለሚመለከተው የሚናገር ሠራተኛ ነው። የሞተ መልእክተኛ መልስ አያመጣም። እንግዲህ ለዓባይ መንገድ የሚነሣ ሁሉ ጓዙን ሲያስር መመለሻውን አስቀድሞ ያስር እያልን የዛሬውን ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን። ደኅና ሁኑ።